ከአለቱ ሥር ለሽማግሌ አይነሳም

ባሕር ዳር፣ ቅዳሜ ኅዳር 20

ዛሬም አለቱን ሳልወጣው ተመለስሁ። ቢሆንም ደስ ብሎኛል።

ከልጄ ከህሊና ጋር በገመድ ከሚወጣው አለት ሥር ስንደርስ ቦታው በሰው ተሞልቷል። ለእኔ ጉልበት የምትሆነው መውጫ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷንም ከዩኒቨርሲቲው ከፔዳ ግቢ የመጡ ተማሪዎች ይዘዋት በየተራ ይወጣሉ። እኔን ሲያዩ ሁሉም ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። ጓደኛው እንዳትወድቅ ገመዷን ከታች የያዘላት ልጅ ሳይቀር «ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ!» ብሎ እጅ ሊነሳኝ ጎንበስ ሲል፣ አንድ እጁ ገመዱን ለቀቀ። ጓደኛው ገና ላይ ተንጠልጥላለች።

«እጅህን መልስ!» ብላ ህሊና ጮኸች። መለሰ።

ልጅቱ በደህና ከወረደች በኋላ ህሊና ለስለስ ብላ፣ «እዚህ ለሽማግሌ አይነሳም፤ ተራም አይለቀቅም» አለች።

«ለአባትሽም?» አለ ልጁ።

«ለእሳቸውማ እንዴት ተብሎ! ዕድሜያቸውን ሙሉ ተማሪ ሲያሰልፉ የኖሩ ናቸው።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ተራዬ ሲደርስ ፀሐይ አለቱን አግላው ስለነበር በእጅ የሚነካ አልሆነም።

«አባባ፣ ተቀየሙኝ?» አለችኝ ህሊና።

«ማን? እኔ?» አልኋት። በእሷ መኩራቴን እንዴት ልንገራት?

ስንሄድ ያ ልጅ ከሌላኛው መውጫ ሥር እንደገና ገመድ ይዞ ቆሟል። ደህና ዋል አልሁት። ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ ዓይኑን ከጓደኛው ሳይነቅል፣ «ደህና ይዋሉ ጋሼ» አለኝ።

ለእሱም ለህሊናም በልቤ ሙሉ ማርክ ሰጠሁ።