ሠላሳ ሰባተኛዋ ፎቶ

ወህራን ላለሽው እህቴ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለው? ባልሽ ሳሉን ተገላገለው ወይስ አሁንም በረንዳ ላይ ተደብቆ ያጨሳል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ከተማችን ትለምሴንም ደህና ናት፤ ቼሪው አብቧል። ልቤ ብቻ ደህና አይደለም። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወዲህ እህል አልወርድልሽ ብሎኛል።

«የእማዬ ፊት እየጠፋብኝ ነው» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ካረፉ አርባ ቀን እንኳ ሳይሞላ! መታወቂያቸው ላይ ያለችው ቁጡ ሴትዮ እሳቸው አይደሉም ማለትሽም እውነት ነው። ባለፈው ዓመት በልጅሽ ሰርግ ላይ አንስቻቸው እንደሆነ ጠየቅሽኝ። አንስቻቸው ነበር። ግን እናትሽ ላላ ዙሊኻ አዩኛ! «ነይ ወዲህ አንቺ ቀልቃላ! አጥፊው፤ እያየሁ አጥፊው!» አሉኝ። አጠፋሁት። በዲጂታል አንድ ቁልፍ መጫን ነው። የካሜራው ካርድ ላይ ከዚያ ወዲህ ስንት ሙሽራ ተደራርቦበታል። አንድ ባለሙያ ዘንድ ወስጄው ራሱን ነቅንቆ መለሰልኝ።

ወጣቶቹ ፎቶ አንሺዎች «አክስቴ፣ ያንን ፊልም የምታጥቢበትን ጨለማ ክፍል ለምን የዶሮ ቤት አታደርጊውም?» እያሉ ይስቁብኛል። ዲጂታልን አልጠላሁም፤ የዕለት ጉርሴ ነው። ለአንድ ሰርግ ሁለት ሺህ ፎቶ አነሳለሁ፣ ያላማረውን እዚያው እጥላለሁ። በፊልም ጊዜ ግን ቆጥቤ፣ ትንፋሼን ይዤ ነበር የማነሳው። ደግሞም ያነሳሁትን እኔም ሌላውም ወዲያው ስለማናየው፣ አጥፊው የሚለኝ አልነበረም።

አሁን የምነግርሽን ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

የሴቶች ድግስ ፎቶ ወንድ እጅ አይግባ ተብሎ የሰርግሽን ፊልም ያጠብኩት እኔው ነኝ። እንደ ደንባችን ኔጋቲቩን ለእናትሽ አስረከብኩ። መስኮት ዳር ቆመው፣ ወደ ብርሃን እያነሱ አንድ በአንድ ቆጠሩት። ፊልሙ ባለ ሠላሳ ስድስት ነበር፤ ሠላሳ ስድስት አገኙ። ካሜራ ውስጥ ሲገባ ጫፉ ካልባከነ ግን ፊልም ሠላሳ ሰባተኛ ፎቶ ይሰጣል። እሷን ቀድሜ ቆርጬ አስቀርቻት ነበር። ካሜራ ባነሳሁ ቁጥር ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ የሚጎትቱትን ሴት ሰረቅኳቸው፤ አደራቸውን በላሁ።

ለምን በይኝ። እናቴ በወለደችኝ ሳምንት ስትሞት ጡታቸውን ላንቺና ለእኔ ያካፈሉት እሳቸው ናቸው። አንቺ አግብተሽ ስትሄጂ እሳቸውም አብረው የሚሄዱብኝ መሰለኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቆጥረው ሲጨርሱ «ሠላሳ ስድስት ቆጥሬያለሁ። ሌላ ካለ እኔ አላየሁም» አሉኝ። የነቁብኝ መሰለኝ። ከዚያ ፍርሃት የተነሳ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አላተምኳትም። ኔጋቲቭ ላይ ደግሞ ምን ይታያል? ጥፍር የምታክል ነገር፣ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር።

ማክሰኞ ጠዋት ደብዳቤሽን ኪሴ ከትቼ ጨለማ ክፍል ገባሁ። ወረቀቱን የፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ስነክረው መጀመሪያ ጥቁር ጸጉራቸው ወጣ። ቀጥሎ ዓይናቸው። ፈገግ ብለው ቀጥ አድርገው ያዩኛል። በቀብራቸው ቀን ያላለቀስኩትን እዚያ ብቻዬን አለቀስኩት።

ፎቶውንም ኔጋቲቩንም ልኬልሻለሁ፤ ላንቺ ይገባል። ለባዕድ ወንድ እንዳታሳዪ። ለራሴ አላስቀረሁም። ምን እዋሻለሁ፣ አንድ አስቀርቻለሁ! ልትቆጪኝ ከፈለግሽ ተቆጪኝ፤ ዝም ብቻ እንዳትዪኝ።

ስታዪው ደግሞ ፊታቸው ላይ ብቻ እንዳትቀሪ። ጭናቸውንም እዪ። በገዛ እጃቸው ያወለቁት ሻሻቸው እዚያ ነው። ለአራት ታጥፎ፣ ሁለት እጃቸው ላዩ ላይ አርፏል።

አላህ ይዘንላቸው፤ አንቺንም ጉልበትሽን ይማርልሽ፤ ልጆችሽን ይጠብቅልሽ።

አንድ ጡት ያሳደገን፣
ሌባዋ እህትሽ