ከክፍሉ ያልወጣሁበት ቀን

ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚቆረጥምሽ ነገር ተወሽ? ዐይንሽስ? አባዬ ደህና ነው ወይ፣ ሳሉ ቀለል አለለት? ጎደሬው እንዴት ይዟል፣ ባሕሩስ ዘንድሮ ዓሣ አልነፈጋችሁም? መዘምራኑ አሁንም አንቺን ከፊት ያቆሙሻል ወይስ የፓስተሩ ሚስት ቦታሽን ወሰደችው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከእናንተ ናፍቆትና ከዚህ ከማንጌሬ ብርድ በቀር የሚያሳስበኝ የለም። እህቴ ሜሌሲዩም ደህና ናት። ከደህናም በላይ ናት፤ ይህን ሁሉ የምጽፍልሽም ስለ እሷ ነው።

ምነው በስልክ አልነገረኝም ትይ ይሆናል። አንቺ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገሽ ጠረጴዛ ላይ ነው የምታስቀምጪው፤ አባዬም ጎረቤቱም መንገደኛውም ይሰማል። ይህ ደግሞ ወንድም ስለ እህቱ ጮክ ብሎ የሚያወራው ጉዳይ አይደለም። ወረቀት ግን አያፍርም። ባለፈው በስልክ ስንገናኝ «ሴሚሲ ከሥራ ተባረረ፣ ሜሌሲዩ በቴሌቪዥን ጉድ ታሳያለች የሚል ወሬ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ደርሷል፤ ቃላቸው የማይታጠፈው የአባትህ እህት አክስትህም ሥራውን ትታ ትምጣ ብለዋል» ስትይኝ ድምፅሽ ተሰብሮ ነበር፤ አንጀቴን በላው። ወሬው ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ቅጥያ ነው። እውነቱን ከእኔ ስሚው።

እንደምታውቂው ሁለታችንም የምንሠራው አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። የሆስፒታል ኮሜዲ ነው የሚቀረፀው፤ ግድግዳው ጣውላ፣ ደሙ ቀለም፣ በሽተኛው እንደ እኛ ያለ ጤነኛ። ሜሌሲዩ ነርስ ሆና ትጫወታለች። እኔ የማይኩን ረጅም ዘንግ ከተዋንያኑ ራስ በላይ አንሥቼ እይዛለሁ፤ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ስላለ የሚያንሾካሹኩት ሳይቀር ይሰማኛል። ዋናውን ዶክተር የሚጫወተው ማልኮም የሚባል ሽበታም ፈረንጅ ነው። በዚህ አገር እሱን የማያውቅ ሕፃን ብቻ ነው። ድራማውም የሚሸጠው በስሙ ስለሆነ ደፍሮ የሚቆጣው የለም። በተጻፈለት ላይ ከራሱ ቃል ይጨምራል፤ ካሜራው እየሠራ የነርሶቹን ትከሻ ይጨብጣል፣ እጁን ወገባቸው ላይ ያሳርፋል፤ ሰው ሁሉ ይስቃል። በድራማውም አለቃ ነው፤ የነርሶቹን ፈረቃ የሚያወጣ፣ ዕረፍት የሚሰጥና የሚከለክል። እዚያም አለቃ፣ እዚህም አለቃ ሲሆን የቱ ቀልድ የቱ ትእዛዝ እንደሆነ አይለይም።

እስከ ቅርብ ጊዜ የሜሌሲዩ ድርሻ ትንሽ ነበረች። መርፌ ትወጋለች፣ ትወጣለች። ከዚያ ትልቅ ትዕይንት ተጻፈላት፤ ደስ አለን፣ ጸሎት አድርገን በላን። ውስጡ ምን እንዳለ ግን እኔ አላወቅሁም። ማይክ ያዥ የሚሰማው ሲነገር ነው እንጂ ቀድሞ የሚያሳየው የለም። የቀረፃው ቀን ማልኮም አልጋው አጠገብ ሜሌሲዩን ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገራት። ምን እንዳላት አልጽፈውም፤ ልጅሽ ነኝና። የመጀመሪያው ቃል ጆሮዬ ሲገባ እግሬ እኔን ሳይጠይቀኝ ተነሣ። ዘንጉን እንደያዝኩ ወደ በሩ ሄድኩ፤ ዘንጉም በመንገዱ የጣውላውን ግድግዳ ገጭቶ አዘነበለው።

የባሰው ደግሞ ኬፉ ነው። የአጎቴ ልጅ ኬፉ ራሱን የሳተ በሽተኛ ሆኖ አልጋው ላይ እንዲጋደም ተቀጥሮ ነበር። የአጎት ልጅስ ወንድም አይደል? ራሱን የሳተው በሽተኛ ፋሻው እንደተጠመጠመ፣ ቱቦው ከአፍንጫው እንደተንጠለጠለ ዘሎ ተነሥቶ ተከተለኝ። በሩ ላይ ተጋጨን። «አንተም ሰማህ?» አልኩት። «ባልሰማ ኖሮ ትንሣኤዬ ደርሶ ነው የተነሣሁት?» አለኝ። ውስጥ ያሉት ደግሞ እሳት የተነሣ መስሏቸው ግማሾቹ በሌላው በር ሮጡ። እማዬ፣ አሁን ስጽፈው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ብሮንዊን የምትባል ሴት ናት ድራማውን የምትመራው። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን ቀረፃ ሲበላሽባት ዐይኗ ይቀላል። ሁላችንንም ሰበሰበችና «ሴሚሲ፣ ምን ነካህ? አሞህ ነው?» አለችኝ። «አላመመኝም። እህቴ ናት። እኛ ቶንጋዎች ጋ እንዲህ ያለ ወሬ ወንድምና እህት በአንድ ክፍል ሆነው አይሰሙትም፤ ወንድሙ ነው የሚወጣው» አልኳት። «ድራማ እኮ ነው ሰውዬ! ቀልድ!» አለችኝ። «የእኔ ጆሮ ድራማ አያውቅም» አልኳት። ማልኮም ወንበሩ ላይ ተለጥጦ «ልብ በሉልኝ፤ ራሱን የሳተ በሽተኛ በአንድ ቃል ያስነሣሁ ዶክተር እኔ ብቻ ነኝ» ሲል ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ሳልወድ ሳቅሁ።

ብሮንዊንም «እሺ፣ ወጋችሁን አከብራለሁ። ሴሚሲ ወደ መኪኖቹ ይዛወር፣ ዕቃ ይጫን። ኬፉ ይቅር። ሜሌሲዩ ትዕይንቷን እንደተጻፈው ትቀጥል» ብላ ፈረደች። እኔ ወዲያው እሺ አልኩ። እህት ከወንድም በላይ ናት ብለሽ ነው ያሳደግሽን፤ እሷ ከፍ እንድትል እኔ ዝቅ ብል ምን ይገርማል? ተባረረ የተባለውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ሜሌሲዩ ግን እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ተቀምጣ ነበር። ዝምታዋን ታውቂዋለሽ፤ እንደ ባሕሩ ነው፣ ሲረጋ ነው የሚያስፈራው። «አይሆንም» አለች። ሰዉ ዞረ። «ወንድሜ የወጣው ቶንጋዊ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ መውጣት ስለቻለ ነው። ነርሷ መውጣት አትችልም። ፈረቃዋን የሚያወጣው ዶክተሩ ነው፤ እምቢ ብትለው የገናን ቀን ሳይቀር ያሠራታል። እምቢ ማለት በማትችል ሴት ላይ ተስቆ ምኑ ነው ቀልዱ? መሳቂያ መሆን ያለበት አለቃው ነው!» አለች። ከዚያ ወደ ማልኮም ፊቷን አዙራ፣ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ፣ «ደግሞ አንተ፣ ወገቤ ላይ የምታሳርፈው እጅ ማንም አልጻፈልህም። ሁለተኛ እንዳይለምድህ» አለችው።

ማልኮም ፊቱ ደም መሰለ። «እኔ ይህን ድራማ እዚህ ያደረስኩ ሰው ነኝ። ትናንት የመጣች ልጅ ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው? ብሮንዊን፣ ምረጪ» አለ። ብሮንዊን አንዴ እሱን አንዴ ሜሌሲዩን አየችና «የተሻለ አለኝ ካልሽ አምጪው። እንቀርፀዋለን። ሰው ካልሳቀ ግን እንደ ድሮው ትጫወቺዋለሽ፤ አልጫወትም ካልሽ ሌላ ነርስ እፈልጋለሁ» አለቻት። ያ ሁሉ የለፋችበት፣ አንቺ ጾመሽ የጸለይሽበት ሥራ በአንድ ሳቅ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ሜሌሲዩም «እናቴ ነርስ ነበረች» ብላ ጀመረች። እማዬ፣ ከዚያ የተናገረችውን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን የዚያን ቀን ነው የሰማሁት። ከዋናው ከተማ የመጣው አለቃ ዶክተር በሽተኞቹ መካከል ጠጋ እያለ በሹክሹክታ ሲያስቸግርሽ (ምን እንዳለሽማ እኔ ፊት አልደገመችውም)፣ አንቺ ስለ ሥራ የጠየቀሽ አስመስለሽ የበሽተኞቹ ክፍል በሙሉ እንዲሰማ ጮክ ብለሽ እንደምትመልሺለት። «አዎ ዶክተር፣ የእኚህ አባት ፖፖ ሞልቷል፤ ልውሰደው ስላሉኝ እግዜር ይስጥልኝ» ብለሽ ፖፖውን እንዳስታቀፍሽው፣ በሽተኛው ሁሉ እንደመረቀው፣ ሰውዬውም ተሸክሞ ከመሄድ በቀር መላ እንዳጣ። ከዚያ ወዲያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዳላናገረሽ።

ለእኔ አልነገርሽኝም፤ እንዴትስ ይነገረኛል? እንዲህ ያለ ወሬ የሴት ልጅ ድርሻ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ነጭ ልብስሽን ተኩሰሽ በማለዳ ስትወጪ፣ የምትሄጂው መርፌና መድኃኒት ብቻ ወዳለበት ይመስለኝ ነበር። የማያውቁሽ ፈረንጆች መካከል ቆሜ ስሰማው እንባዬ መጣ። ኮራሁብሽ እማዬ። ሌላ ቃል የለኝም፤ ኮራሁብሽ።

ሜሌሲዩ ይህንኑ ታሪክ ትዕይንት አድርጋ ጻፈችው፤ አዲሱ የሚቀረፅበት ቀንም ብሮንዊንን አንድ ነገር ለመነቻት። «ዘንጉን የሚይዘው ሴሚሲ፣ አልጋው ላይ የሚተኛው ኬፉ ይሁኑ። እነሱ ከወጡ ትዕይንቱ ወድቋል፤ እኔም አብሬያቸው እወጣለሁ» አለቻት። ብሮንዊን «እንግዲህ ፈተናሽን ራስሽ አወጣሽ» ብላ ፈቀደች። ኬፉ ፋሻውን ሲያስጠመጥም «ሁለተኛ ከምነሣ እዚሁ ብሞት ይሻለኛል» ይለኛል። እኔም ዘንጉን አጥብቄ አነሣሁት።

ካሜራው ሥራውን ጀመረ። በአዲሱ ጽሑፍ ማልኮም «ሲስተር፣ ዛሬ ከሥራ ስትወጪ…» ይልና እዚያው ላይ ታቋርጠዋለች። እሱ ግን አመሉ መች ይለቀዋል። ገና «ሲስተር» እንዳለ የተጻፈለትን ትቶ፣ ጎንበስ ብሎ ከራሱ ሌላ ሊጨምር አፉን ከፈተ፤ እጁም ወደ ወገቧ ተዘረጋ። ማዳመጫዬ ውስጥ ትንፋሹ ሲገባ ተረከዜ ተነሣ። አንሶላው ሥር የኬፉ የእግር ጣት ስትንቀሳቀስ አየኋት። አለቀልን አልኩ።

ሜሌሲዩ ቃሉን ከአፉ ሳያወጣ ቀደመችው። «አዎ ዶክተር!» አለች፤ ጣራው ተሰማው። «የእኚህ አባት ፖፖ አፉ ድረስ ሞልቷል! እርስዎ ራስዎ ልውሰደው ማለትዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ!» ብላ በዚያ በተዘረጋው እጁ ላይ ፖፖውን አስቀመጠችበት፤ እንዳይፈስበት በሌላውም እጁ ያዘው። አሁን ሁለቱም እጆቹ ሥራ አላቸው፤ የትም አያርፉም። «እናንተ በሽተኞች፣ አመስግኗቸው እንጂ!» ስትላቸው አልጋ ላይ ያሉት ሽማግሌዎች በአንድ ድምፅ «ይባረኩ ዶክተር!» አሉ። አንዱማ ማንም ሳይጽፍለት «የእኔንም አይርሱ!» ብሎ ጨመረ። ስቱዲዮው ፈረሰ። መብራት የሚይዙት፣ ልብስ የሚያለብሱት፣ ብሮንዊን ራሷ፣ ሁሉም ሆዱን ይዞ ሳቀ። ራሱን የሳተው ኬፉ ሆዱ አንሶላውን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። እኔ ከቦታዬ ንቅንቅ አላልኩም። ዘንጉ ግን በሳቅ ተንቀጥቅጦ የማይኩ ጫፍ ካሜራው ውስጥ ገብቷል፤ ብሮንዊንም ይቆይ አለች። ስታዪው ከላይ ብቅ ትላለች፤ እኔ ነኝ።

ማልኮም ፖፖውን እንደተሸከመ እስከ በሩ ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ ይቆጣል ብለን ጠበቅን። ሜሌሲዩ ፊት ቆሞ «እንዲህ ያዋረደኝ ሰው የለም» አላት። ቀጥሎም አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ «እንዲህም ተስቆልኝ አያውቅም» አለና እጁን ዘረጋላት፤ ለመጨባበጥ ብቻ። ይቅርታ አላለም፤ ግን ከዚያ ወዲህ እጁን ሰብሰብ አድርጎ ነው የሚጫወተው። ብሮንዊንም ሳይጠየቅና ሳይፈቀድ ማንም ማንንም እንዳይነካ፣ ስለ ሰው ገላም ከራሱ ቃል እንዳይጨምር ሕግ አወጣች። እኔም ኬፉም ሥራችን ላይ ነን። ሜሌሲዩ ደግሞ ከተዋናይነቷ ሌላ ከጸሐፊዎቹ ጋር እንድትቀመጥ ተጠርታለች። እማዬ፣ ልጅሽ በዚህ አገር ሰው ምን ላይ መሳቅ እንዳለበት ከሚወስኑት አንዷ ሆናለች። ወሬ አመላላሾቹ ይህንንም ያዳርሱልን።

እንግዲህ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለአጎቴ፣ ልጅህ ኬፉ እንደሞተ ተኝቶ እንጀራውን ይበላል በይልኝ። ለታናሿ እህታችን ለሎሳና፣ ትምህርቷን ትበርታ፤ እህቷ ጫማ ገዝታላታለች። ለፓስተሩ አክብሮቴን፣ ለሚስታቸውም ሳይቀር። የአባዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ለአክስቴ ደግሞ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤ ሜሌሲዩን ከመጥራታቸው በፊት አንድ ነገር እንዲያዩልኝ ለምኛቸው። ድራማው በመጪው ወር ወደ እናንተ ይደርሳል ብለውናል። አባዬና አክስቴ ወንድምና እህት ሆነው ይህን ያህል ዘመን ሲኖሩ አንድ ፊልም አብረው አይተው አያውቁም፤ ቴሌቪዥኑ ሲከፈት አባዬ ምክንያት ፈልጎ ወደ ጓሮ ነው የሚወጣው። ያን ቀን ግን ምንጣፉን አንጥፊና ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጪልኝ። አባዬ መውጣት የለበትም። ልጁ የሠራችውን ከእህቱ ጋር ሆኖ እስከ መጨረሻው ይየው።

አክባሪ ልጅሽ ሴሚሲ

ማንጌሬ፣ ኦክላንድ
ኦገስት 16 ቀን 2019