የሮቤዋ ባለአይብ የወይዘሮ ሠርከአዲስ ገብረጻድቅ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሠርከአዲስ ከአባታቸው ከአቶ ገብረጻድቅ ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉሃብት አየለ በ1948 ዓ.ም. በጎባ ከተማ ተወለዱ። እዚያው እስከ አራተኛ ክፍል ተማሩ። የቀረውን ትምህርት ያገኙት ከእናታቸው ጓዳ ነው፤ አሬራውን ለዘብ ባለ እሳት፣ ሳይቸኩሉና ሳያፈሉ፣ አይብ ማድረግን።

በ1966 ዓ.ም. የሲናናውን ገበሬ አቶ ቱሉ ዳቢሴን አግብተው ሰሎሞንን፣ ፌበንንና አቢጊያን ወለዱ። በ1978 ዓ.ም. ሮቤ ገበያ አጠገብ ትንሽ የአይብ ቤት ከፈቱ። ከዲንሾም ከጎባም ሰው ይመጣላቸው ነበር።

መቼም አይብ ሲመርጡ ያየ ሰው አይረሳቸውም። በመዳፋቸው ጫን አድርገው ውሃው ጠርቶ መውጣቱን ያያሉ፤ የወይራ ጢሱን ያሸታሉ፤ በመጨረሻ ይቀምሳሉ። ለታመመ ሰው ለስላሳውን ያለ ጨው ይሰጣሉ፤ ለቆጮ ደረቁን ይመርጣሉ። ለእንግዳ ደግሞ በኮሰረት ያሹትን በኮባ ቅጠል ላይ አድርገው ራሳቸው ያቀርባሉ። ሳይቀመስ የወጣ አይብ አልነበራቸውም። እሳቸው በሚጾሙበት ጊዜ የምትቀምስላቸው ጎረቤታቸው ባለሱቋ ነኢማ ነበረች።

በ2016 ዓ.ም. ግን ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ። በዚያው ሰሞን የነኢማን ልጅ ሀዋኒን ለማጨት ሽማግሌዎችና የሚያገባት ልጅ እናት ከጊኒር ለማፍጠሪያ መጡ። ሠርከአዲስ ለእንግዶቹ ያዘጋጁትን አይብ የሚቀምስ ሰው ጠፋ። ፌበን ጨው አድርጋበት ኖሮ ሠርከአዲስ ሳያውቁ ደገሙት።

ማታ እንግዶቹ በነኢማ ቤት በቴምር አፈጠሩ፤ ሀዋኒም አይቡን አቀረበች። የልጁ እናት አንድ ጊዜ ጎርሰው ውኃ ጠየቁ። ቀጥለውም ቀስ ብለው፣ አይቡ የልጅቷ የእጅ ሥራ መሆኑን ጠየቁ። ሀዋኒ አቀረቀረች። ሠርከአዲስ ዝም ቢሉ የአርባ ዓመት ስማቸው አይነካም ነበር፤ ነገሩም በልጅቷ ላይ ይቀር ነበር። እሳቸው ግን ከበሩ አጠገብ ተነስተው፣

«እመቤቴ፣ ጨው የደገምኩበት እኔ ነኝ። ልጅቱ ከማቅረብ በቀር እጇ የለበትም» አሉ።

የልጁ እናት ጥቂት አዩዋቸውና፣ «እንግዲያው ጎረቤቷ እንዲህ የሚቆሙላት ልጅ ለእኛ ትበቃናለች፤ አይቡን ግን አንሱልን» አሏቸው። ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ ሀዋኒም በሰኔ ተዳረች።

ከዚያ በኋላ ሠርከአዲስ ስለዚያ ጨው ራሳቸው እየሳቁ ያወሩ ነበር። ባለፈው ዓመት የልብ ሕመም ሲጀምራቸው ሀዋኒ ልጇን አዝላ ከጊኒር እየተመላለሰች አስታመመቻቸው። ሐኪምም ጸበልም ሲረዷቸው ቆይተው ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት፣ በሰላም አረፉ።

ባለቤታቸው አቶ ቱሉና ሰባት የልጅ ልጆች አሏቸው። ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ የልጆቹን ቁጥር ሦስት ብለን ጽፈን ነበር። አቶ ቱሉ ሲነበብላቸው አስቆሙን፤ «እሷ አራት ነው የምትለው» አሉ። ስለዚህ ሰሎሞን፣ ፌበን፣ አቢጊያና ሀዋኒ፣ አራቱም ልጆቻቸው በሐዘን ቆመዋል።

የዋህ ልባቸውን የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በብርሃን ያሳርፍልን፤ እናንተንም ያጽናናችሁ። አሜን።