በጉሙ ላይ ያዩት አክሊል

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለመሪጌታ ላቀው፤
ቤተ ልሔም፣ ጋይንት።

አባባ፣ እንደምን ከርመዋል? ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? ባለፈው ክረምት ያስቸግርዎ የነበረው ወገብዎ ተሻለው? ወይስ እንደ ልማድዎ ተማሪዎቹ እንዳያውቁብዎ መቋሚያውን ጠበቅ አድርገው ይይዛሉ? እማዬስ እንዴት ናት? ገብሱ እንዴት ሆነላችሁ? ላሚቱስ ወለደች? እኔ ከሐሳብ በቀር ምንም አልሆንሁም፤ ስሙ ይመስገን። እዚህ በረዶው ገና አልለቀቀም። ከጉና ብርድ ሥር ላደገ ሰው ግን ይህም ብርድ ነው ብሎ ማማረር ያሳፍራል።

ወንድሜ ይስሐቅ ንፋስ መውጫ ላይ ፎቶ አንስቶ የላከልኝ ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሁለት ወር አለፈው። መልሱን ያዘገየሁት ችላ ብዬ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቱንም ቀደድሁ። በስልክ እንዳልነግርዎ የነፍስ ነገር በስልክ አይወራም ብለዋል። ይህንንም ይስሐቅ አሳትሞ፣ ሳያነብ አሽጎ በእጅዎ እንዲሰጥዎ አደራ ብዬዋለሁ።

የጻፉልኝን መልሼ ልበለው፤ የሳትሁት ካለ ያርሙኛል። የኅዳር ጽዮን ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ከእማዬ ጋር ወደ ቤት ስትመለሱ ገደሉ አፋፍ ላይ አረፍ አላችሁ። ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ነበረች፤ ሸለቆው ከእግራችሁ ሥር በጉም ተሞልቷል። ጥላዎ ጉሙ ላይ አርፎ፣ በራሱ ዙሪያ ልክ በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ በቅዱሳን ራስ ላይ እንደተሣለው ያለ የብርሃን አክሊል አዩ። የእማዬንም ጥላ አዩት፤ በእሷ ራስ ላይ ምንም አልነበረም። ውዳሴ ከንቱ እንዳይሆንብዎ ለእሷ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ለነፍስ አባትዎ ለመምሬ አስናቀ ብቻ ተናገሩ። ጥሪ ነው ብለው አመኑ፤ ዳግማ ትንሣኤ ሲያልፍ ቤትዎን ትተው ሊመንኑ ቆረጡ። መምሬ አስናቀም ትፈቅድ እንደሆነ እማዬን ቢጠይቋት፣ ሳታመነታ ይሂድ አለች። ከደብዳቤዎ ግርጌም፣ አንቺ የምትመራመሪው ስለ ብርሃን ነው ይባላልና እንዲህ ያለ ነገር በትምህርታችሁ ይታወቃል ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ይታወቃል፣ አባባ።

ከመቀጠሌ በፊት ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። ደብዳቤዎን መጀመሪያ ሳነብ ደስ ነው ያለኝ። ሥራዬ ይኸው ስለሆነ ነው፤ ብርሃን ከጉምና ከደመና ጠብታ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን ማጥናት። አክሊሉ ክንድ ተዘርግቶ ሲታይ የአንድ መዳፍ ስፋት እንደነበረው፣ ቀዩም ቀለም ከውጭ እንደነበረ ስለ ጻፉልኝ፣ ቁጭ ብዬ የዚያን ዕለት የጉሙ ጠብታ ምን ያህል ይሆን እንደነበር አሰላሁ። አባቴ እንዴት ያለ ዐይን አለው ብዬ ለሥራ ባልደረባዬም አሳየሁት። እማዬ ብቻዋን ልትቀር መሆኗ ትዝ ያለኝ ወረቀቱን አጥፌ ካስቀመጥሁ በኋላ ነው። አፈርሁ፤ እስከ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀሐይ ከጀርባ፣ ጉም ከፊት ሲሆን፣ የጉሙ ጠብታዎች ብርሃኑን ወደ መጣበት ይመልሱታል። ወደ እርስዎ ዐይን የሚመለሰው ግን በእርስዎ ራስ ጥላ ዙሪያ ካሉት ጠብታዎች ብቻ ነው። አጠገብዎ ወደ ቆመው ሰው ዐይን ደግሞ በእሱ ራስ ጥላ ዙሪያ ካሉት ይመለሳል። ስለዚህ ማንም ሰው አክሊሉን የሚያየው በገዛ ራሱ ላይ ነው፤ በጎረቤቱ ራስ ላይ አያየውም። በተማሪነትዎ ጣና ዳር ሳሉ ጨረቃ በውሃው ላይ የምትዘረጋውን የብርሃን መንገድ አይተዋል። የትም ቢቆሙ መንገዱ ወደ እርስዎ ይመጣል፤ ራቅ ብሎ የቆመውም ወደ እሱ ሲመጣ ያያል። ይህም እንደዚያው ነው።

ቃሌን ብቻ ሰምተው እንዲያምኑ አልፈልግም። ከየአገሩ ድጓ ተምሮ የሚመጣው ሁሉ ቤተ ልሔም ላይ ካላስመሰከረ መምህር እንደማይባል ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። አንዲት የዜማ ምልክት የሳተውን፣ ዐይንዎን ሳይገልጡ፣ ከመጀመሪያው ያስጀምሩታል። እኔም የተማርሁትን እንደዚያው እርስዎ ፊት ላቀርብ ወደድሁ። ባለፈው ወር ከባልደረባዬ ጋር አምስት ቀን ተራራ ስንወጣ ስንወርድ ከረምን። አራቱን ቀን በከንቱ ተመለስን፤ በአምስተኛው ጉሙም ፀሐዩም ተገናኙልን። ጎን ለጎን ቆመን በየስልካችን በአንድ ቅጽበት ፎቶ አነሣን። ሁለቱንም ከደብዳቤው ጋር ልኬልዎታለሁ። ረጅሙ ጥላ የእሱ ነው፤ አጭሩ የእኔ። እኔ ባነሣሁት ላይ አክሊሉ በእኔ ራስ ላይ ነው፤ እሱ ባነሣው ላይ በእሱ። ሰውየው የፈጣሪን መኖር እንኳ የሚጠራጠር ነው፤ አክሊሉ ግን አልቀረበትም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ከሁለት ሳምንት በፊት እማዬ ንፋስ መውጫ ይስሐቅ ቤት ወርዳ ሳለች በስልክ አገኘኋት። ለምን እሺ አልሽው ብዬ አጥብቄ ጠየቅኋት። አለቀሰች። እሷም ያን ዕለት አይታለች፣ አባባ። አክሊሉን ያየችው በእርስዎ ራስ ላይ አይደለም፤ በራሷ ላይ ነው። የእርስዎን ጥላ ብታየው ባዶ ሆነባት። ጌታ ሊወስደኝ ነው ብላ አመነች። ከዚያች ቀን ጀምሮ የደም ግፊት ክኒኗን ትታለች፤ ለተጠራ ሰው ክኒን ምን ይሠራለታል አለችኝ። ለእርስዎ ያልነገረችዎትም መመካት እንዳይሆንባት ነው፤ ደግሞም አዘነችልዎ። መምሬ አስናቀ ሲጠይቋት ይሂድ ያለችው፣ እሷ ስታልፍ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻዎን ከሚቀሩ ገዳም ውስጥ ከሰው መሐል ይሁኑ ብላ ነው።

ለእርስዎ እንዳልነግር በመድኃኔዓለም አስምላኛለች። መሐላዬን እያፈረስሁ መሆኑን አውቃለሁ፤ ንስሐውን መምሬ አስናቀ ይስጡኝ፣ እቀበላለሁ። አራት ወር ሙሉ አንድ ጣራ ሥር፣ ከአንድ መሶብ እየቆረሳችሁ፣ እርስዎ ለእሷ እያዘኑ እሷ ለእርስዎ እያዘነች መክረማችሁን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም። መድኃኒቱንም ይስሐቅ ጨቅጭቋት አልተመለሰችለትም። የሚመልሳት ሰው አንድ ብቻ ነው።

እግዚአብሔር አልጠራዎትም ብዬ የምናገር እኔ ማን ነኝ? ቀስተ ደመናም ከውሃና ከብርሃን ነው፤ ለኖኅ ግን ቃል ኪዳን ሆኖታል። መጥራቱን እርሱ ያውቃል። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ያ አክሊል እርስዎን መርጦ እማዬን አልተወም፣ እሷንም መርጦ እርስዎን አልተወም። ይህን ሳያውቁ ቢሄዱ፣ እሷም ሳታውቅ ብትሞት፣ እያወቅሁ ዝም ያልሁት እኔ እሆን ነበር። አሁን አውቀዋል። ከዚህ በኋላ ቢሄዱም ቢቀሩም ልጅዎ ነኝ፤ አልከራከርዎትም።

ለይስሐቅና ለባለቤቱ ለንግስት፣ ለልጆቻቸውም እንደየስማቸው ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። አክስቴ አመተ ሥላሴ የላከችልኝ በሶ ደርሶኛል፤ በጾሙ እስካሁን በእሱ ነው የበረታሁት። መምሬ አስናቀ መስቀላቸውን በሩቁ ያሳልሙኝ። ተማሪዎችዎን በርቱ ይበሉልኝ።

ለእማዬ ሰላምታ አልላክሁም። በሰላምታዬ ፈንታ ዛሬውኑ፣ ይህን እንዳነበቡ፣ አጠገቧ ይቀመጡና ያን ዕለት ገደሉ አፋፍ ላይ ምን እንዳየች ይጠይቁልኝ። በአርባ ዓመት ትዳራችሁ ስለ ራሷ ሳትጠየቅ የተናገረችው ነገር የለም፤ እርስዎ ከጠየቋት ግን ትነግርዎታለች።

ልጅዎ መዓዛ ላቀው
ኢንስብሩክ፣ ኦስትሪያ
መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.