መነጽሬን የማወልቅበት ምክንያት

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ነሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያምሻል? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ይጀመራል ብለሽ ስላስተማርሽኝ ብቻ አይደለም፤ የጉልበትሽን ነገር የምር ማወቅ ስለምፈልግ ነውና መልሱን አትዝለይው። እኔ ደህና ነኝ። ልብስ ስፌት ቤቱም ሰላም ነው፤ አሁን ቁልፍ የሚተከለው ሁሉ በእኔ እጅ ነው።

ብስክሌት ገጭቶ እንደጣለኝ ወንድምጋሼ ነግሮሽ ስታለቅሺ ከረምሽ አሉ። «መነጽሩን ካላደረገ ይመለስ፤ ብቻውን አይኖርም» ማለትሽንም ሰማሁ። እማዬ፣ እኔ መመለስ አልፈልግም። እዚህ የራሴ ክፍል አለኝ፤ ማታ ስገባ ዝም ይላል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

በልጅነቴ መነጽር በጣልኩ ቁጥር «ይሄ ግትር!» ትይኝ ነበር። ግትርነቴን አልክድም፤ እሱን ከአንቺ ነው የወረስኩት። መነጽሩን ግን በእልህ አልነበረም የምጥለው። አፍንጫዬ ላይ የሚያርፉት ሁለቱ ፕላስቲኮች ቀኑን ሙሉ ቆንጥጦ እንደያዘኝ ሰው ናቸው። ሌላው ወዲያው ይረሳቸዋል፤ እኔ አልረሳቸውም። ዘንጉ ከጆሮዬ ኋላ ፀጉሬን ሲነካ ድምፁ ይሰማኛል። ደግሞ ሁሉ ነገር ባንዴ ጥርት ሲል የግድግዳው ስንጥቅ፣ የሰዉ ጥርስ፣ የሸሚዙ ክር እኩል ይጮኹብኛል፤ ያኔ የሚያናግረኝን ሰው መስማት ያቅተኛል። ሐኪሟ ይህ ከኦቲዝሜ ጋር የሚመጣ ነው፣ የማንም ጥፋት አይደለም ብላኛለች። እኔ እፎይ ብያለሁ፤ አንቺም እፎይ በዪ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ያልሞከርኩት የለም። በመጨረሻ መነጽር ሠሪው አፍንጫ የማይቆነጥጥ ቀላል ፍሬም ፈለገልኝ። ዘንጎቹን እኔው ራሴ በአሮጌ ከነቴራዬ ጨርቅ ሸፈንኳቸው፤ ስፌቱ ቆዳዬን እንዳይነካ ወደ ውጭ ነው ያደረግኩት። ጋሼ፣ የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ «ዘንድሮ ደግሞ መነጽርም ከነቴራ ለበሰ!» ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። በማግስቱ ግን ያ ሲታጠብ ቅያሪ የሚሆን ጨርቅ ቆርጠው የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።

አሁን ከቤት ስወጣ አደርገዋለሁ፣ መንገድ እሻገራለሁ፣ ሥራ ስደርስ አወልቀዋለሁ። የሚያስቸግረኝ የሩቁ ነው እንጂ መርፌ ለማየት መነጽር አያሻኝም። ብስክሌቱ የጣለኝ ቀን መነጽሩ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ያንን አልደግመውም።

ወንድምጋሼን ሰላም በዪልኝ፤ ሊወስደኝ ሳይሆን ሊጠይቀኝ ይምጣ። እታለምንም ሰላም በያት፤ ስልክ ላይ ቀስ ብላ ስለምታወራኝ አመሰግናታለሁ። ሕፃን ልጇን ግን ሳሚልኝ አልልሽም፤ እሱም እንደ አጎቱ መሳም አይወድም። እጁን ብቻ ያዢልኝ።

አንቺ ደግሞ ነይና ኑሮዬን እይው። መናኸሪያው ላይ ከሩቅ እንዳውቅሽ መነጽሬን አድርጌ እጠብቅሻለሁ። ቤት ስንገባ አወልቀዋለሁ። ያኔ ልጄ ሊያየኝ አልፈለገም ብለሽ ሆድ እንዳይብስሽ። ወንበርሽን ሳብ አድርገሽ አጠገቤ ተቀመጪ፤ እዚያ ስትሆኚ ያለ መነጽርም ፊትሽን በደንብ አየዋለሁ።

ግትሩ ልጅሽ፣
ከኪራይ ክፍሌ፣ የካቲት 9 ቀን