ለአጥር ባለቤቶች

ሰኞ፣ የካቲት 3

ቀኑን ሙሉ ደብዳቤ ስጽፍ ዋልኩ። ሃያ አራት! ግማሹ ለሠዓሊዎች፣ ግማሹ ለአጥር ባለቤቶች። የመንደራችን የሥዕል በዓል አዳራሽ የለውም። ሥዕሉ የሚሰቀለው መንገድ ዳር፣ በሰው አጥር ላይ ነው። አንድ ሠዓሊ፣ አንድ አጥር። ደንቡን ያወጣው ሰብሳቢው፣ የምጽፈው እኔ፣ የኮሚቴው ጸሐፊ።

ለሠዓሊዎቹ፦ «ሥራዎችዎን ይዘው እንዲመጡልን በአክብሮት ጋብዘንዎታል።» ለባለ አጥሮቹ፦ «አጥርዎ ለሥዕል ኤግዚቢሽን ስለተመረጠ ከወዲሁ አዘጋጅተው እንዲጠብቁን።» የእኛም አጥር ተመርጧል። ከገበያ ወደ ትምህርት ቤት የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል። እሱ ላይ የምትሰቅለው ከከተማ የምትመጣ ሠዓሊ ነች። በማኅተሙ ቀለም ጣቶቼ ሐምራዊ ሆነው ቀሩ።

የአባባን ደብዳቤ ራሴ ልውሰድለት? አይ... እንደ ሰው ሁሉ በፖስተኛ ይድረሰው። ደብዳቤ ከደረሰው ስንት ዘመኑ። ደስ ይለዋል።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ደስ አለው። እንዲህ ደስ ይለዋል ብዬ ግን...

ለምሳ ስገባ በር ላይ ቆሞ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል። አደረገውና ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ሦስት ጊዜ። «አጥርዎ፣ ለሥዕል ኤግዚቢሽን፣ ስለተመረጠ።» ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«አየሽ? አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ሱቅ ታፔላ ስጽፍ ኖሬ አንድ ቀን ሠዓሊ ያለኝ የለም። በስተርጅና ጠሩኝ።»

የጠሩት አጥሩን ነው። እሱን አይደለም። አፌን ከፈትኩ። ይሄኔ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ገባች፤ ለእሷም አነበበላት። «የእጅህን ነው የሰጡህ» አለችው። ምሳዬን ሳልጨርስ ወደ ቢሮ ተመለስኩ።

እኔ ነኝ የጻፍኩት። አንድ መስመር ብጨምር ምን ነበረበት? «ሥዕል የሚሰቅለው ሌላ ሰው ነው» ብል?

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

የምረቃ ፎቶዬን ከፍሬሙ አውጥቶ ደብዳቤውን አስገባበት። «አንቺን በየቀኑ አይሽ የለ» አለኝ። ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ዓይኔን በጨው አጥቤ ሰብሳቢውን ለመንኩ።

«ጋሼ፣ አንድ ሰው ብንጨምርስ?»

«ማንን?»

«አባባን።»

ሳቀ። በክፋት አይደለም፤ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «ታፔላ ጸሐፊውን? ልጄ፣ አባትሽ ወዳጄ ነው። የበዓሉን ታፔላ የሚጽፈውስ እሱ አይደል? ያው ተሳተፈ ማለት ነው። ዛሬ እሱን ካስገባሁ ነገ አናጢው በር ተሸክሞ ይመጣብኛል።»

ደብዳቤውን እንዴት እንደተረዳው ነገርኩት። «እንግዲህ አንቺ ንገሪው፣ ልጁ አይደለሽ?» አለኝና ስልኩን አነሳ።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ዛሬ እነግረዋለሁ።

አልነገርኩትም።

እሑድ፣ የካቲት 16

እናቴን እየሣላት ነው። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ስትፈለፍል። ከሞተች ስድስት ዓመቷ። አባባ ፊት ሥሎ አያውቅም፤ ፊደል ነው የሚያውቀው፣ ቢበዛ ለጫማ ቤት ጫማ፣ ለጸጉር ቤት መቀስ።

«አገጯ እንዲህ ነበር ወይስ ሰፋ ያለ?»

«ሰፋ ያለ።»

በጨርቅ ጠረገና ደግሞ ጀመረ። አራት ጊዜ። ከሥሩ ደግሞ ልማድ ሆኖበት ስሟን በቀይ ፊደል ጽፎ ጥቁር ጥላ አበጀለት። ሥዕሉ የሱቅ ታፔላ መስሏል። ግን እናቴ ነች። አንገቷን ዘንበል ማድረጓ ራሱ... አሁን ደግሞ እንዴት ብዬ ነው የምነግረው?

ሐሙስ፣ የካቲት 20

እንግዳዋ ሠዓሊ ዘንድ ደወልኩ። አንድ ሥዕል የምታህል ቦታ ትተውልን እንደሆነ ብዬ።

«የማን ሥዕል?»

«የ... የአጥሩ ባለቤት።»

«እኔ እኮ አሥራ አራት ነው የማመጣው፤ ራሱ አይበቃኝም። ለማንኛውም ሰብሳቢውን ጠይቂው።»

ሰብሳቢው አንቺ ንገሪው ይላል፣ እሷ ሰብሳቢውን ጠይቂ ትላለች። እኔ መሐል ላይ ማኅተም ይዤ ተቀምጫለሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 28

አጥሩን ነጭ ቀብቶ ጨረሰ። ለጸጉር አስተካካዩ ነግሮታል፤ ለእሱ መንገር ለአገር መንገር ነው። መንገድ ላይ «እንኳን ደስ ያለሽ» ይሉኛል። አሜን እላለሁ። ሌላ ምን ይባላል?

በዓሉ ነገ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። አባባ ኮቱን ለብሶ፣ እናቴን በሁለት ሚስማር አጥሩ መሐል ሰቅሎ አጠገቧ ቆሟል። አንዲት ፒክአፕ መጥታ ቆመች። ሴትየዋ ወረደች።

«የታፔላ ጸሐፊው አጥር ይኼ ነው?»

«አዎ፣ ልጄ።»

«የእኔ ቦታ እዚህ ነው ብለውኝ ነበር...» ደብዳቤዋን ሰጠችው።

መነጽሩን ወለወለ። አነበበ። ያው ወረቀት፣ ያው ማኅተም፣ ያው የእኔው ፊርማ። «ሥራዎችዎን ይዘው እንዲመጡልን።» እስከ መጨረሻው አነበበና በእጥፋቱ አጥፎ መለሰላት። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ምን አደረግኩ? ምንም። አንዴ ቀና ብሎ አየኝ።

እናቴን በሁለት እጁ አውርዶ ወደ ቤት አስገባት። ሲመለስ ኮቱን አውልቆ መዶሻ ይዟል። ረፋዱን ሙሉ ሚስማር በከንፈሩ ይዞ ሲሰቅልላት ቆየ። «ትንሽ ወደ ግራ፣ ልጄ። አሁን ቀጥ አለ።» ሴትየዋ አፍራለች፤ ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀችው። «ዓይንዎ እንዴት ልክ ነው» አለችው።

«የታፔላ ልማድ ነው» አላት።

ትልቁን ሥዕሏን የሰቀሉት በእናቴ ሚስማሮች ነው።

ብዙ ሰው መጣ። አጥሩ በጣም ነጭ ነው አሉ።

ሰኞ፣ መጋቢት 1

ለምሳ ገባሁ። ፍሬሙ ውስጥ የምረቃ ፎቶዬ ተመልሷል። እናቴ ጓዳ፣ ከምድጃው በላይ ተሰቅላለች። ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ፣ ከሰሃኔ አጠገብ ታጥፎ ተቀምጧል።

«ውሰጂና ፋይልሽ ውስጥ አስገቢው» አለኝ።

«አባባ፣ እኔ...»

«ተይው። መነጽሬን ሳላደርግ ነው ያነበብኩት። ዓይኔ ደክሟል፣ መስመር ዘልዬ ይሆናል። አንቺ ምን ታደርጊ?»

አድርጎ ነበር። በሸሚዙ ጫፍ ሲወለውለው አይቻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ሲያነብ ከፊቱ ቆሜ ነበር።

«እሺ፣ አባባ» አልኩት።