የጎደለው ሁለት ከመቶ

እጅግ የማከብርዎትና የምወድዎት እትዬ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ደረጃውን ያስወጣዎታል? ዓይንዎን ከታከሙ ወዲህ የእኔን ጥቃቅን ጽሕፈት ያለ መነጽር ማንበብ ቻሉ? ጋሼስ ያ ክፉ ሳል ለቀቃቸው? እኔ ከእናንተ ናፍቆት በቀር በአካሌ ደህና ነኝ። ልቤም ደህና ነው ብዬ ግን ልዋሽዎት አልችልም፤ ከሐሙስ ጀምሮ በንዴት ተቃጥያለሁ።

የምመራው መሥሪያ ቤት የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ እንደሚይዝ ያውቃሉ። መዝገቡ አንዱ ቢቃጠል ሌላው እንዲተርፍ በሦስት ቅርንጫፎች ባሉ ሦስት ሰርቨሮች፣ ማለት መዝገብ በሚያከማቹ ኮምፒውተሮች፣ ላይ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ መጀመሪያ የራሱን ቅርንጫፍ ይመዘግባል፣ ከዚያ ወደ ሌሎቹ ይገለበጣል። ባለፈው ወር ያረጀውን አንዱን በአዲስ ለመተካት ሁሉንም ለባለጉዳይ ዘጋናቸው። ሥራው ግልጽ ነበር፤ በአሮጌው ያለው ሁሉ ወደ ሌሎቹ እስኪገለበጥ መጠበቅ፣ ከዚያ በኋላ አሮጌውን መደምሰስ።

ምክትሌ "ተጠናቋል" ብሎ ጻፈ፤ እኔም ፈረምሁ፤ አገልግሎቱም ያለ አሮጌው ተከፈተ። የሰርቨሮቹ ባለሙያ፣ ሠራተኛው "ቆይ ልየው" እያለ የሚጠራት ሴት፣ አሮጌው እንዲደመሰስ አልፈርምም አለች። ምክትሌ በእምቢተኝነት ከሰሳት። እኔም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወርኋት። አዎን እትዬ፣ አንድ ቃል እንኳ ሳልጠይቃት።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ዳቦ ጋጋሪ፣ ክንዱ ዱቄት እንደነካው፣ ሕፃን ታቅፎ ጸሐፊዬን አልፎ ገባ። ልጁ ልቧን ልትታከም በሳምንቱ ወደ ውጭ አገር ትሄዳለች። ልደቷን ያስመዘገበበትን ደረሰኝ ይዟል፤ መስኮቱ ላይ ግን እንዲህ ያለች ልጅ የለችም ብለውታል።

"ጌታዬ፣ እስቲ ይያዟት" አለኝ። "ከከበደችዎ አለች ማለት ነው።"

ያዝኋት። ከበደችኝ።

ምክትሌን አስጠራሁት። ከመቶው ዘጠና ስምንቱ እንደተገለበጠና "የቀረችው ትንሽ" ቀስ ብላ ትደርሳለች ብሎ እንዳሰበ ነገረኝ። ያቺ ትንሽ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ሰው ናት። አሮጌው ሰርቨር ደግሞ በምክትሌ ፊርማ በማግስቱ ሊደመሰስ ቀጠሮ ተይዞለታል። እርስዎ በማያውቁት ድምፅ ጮኽሁበት። አንገቱን ደፍቶ ከሰማኝ በኋላ፣ "'ሊጠናቀቅ ነው' የሚል ሪፖርት እንዳታመጡብኝ ያሉት እርስዎ ነዎት" አለኝ።

ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ይሉ የለም? ሥሩ እኔው ነበርሁ። በየሰኞው ስብሰባ ዘጠና ስድስት ያለውን ሳሸማቅቅ፣ መቶ ያለውን ሳመሰግን ኖሬአለሁ። ውሸቱን ኮትኩቼ ያሳደግሁት እኔ ሆኜ ፍሬው ሲመረኝ በሰው ላይ ጮኽሁ። ምክትሌን ከኃላፊነቱ አነሣሁት፤ ንዴቴ ግን አብሮት አልሄደም።

መደምሰሱን አስቁሜ ግምጃ ቤት ድረስ ወረድሁ። ባለሙያዋን የተሰበሩ ወንበሮች ስትቆጥር አገኘኋትና ይቅርታ ጠየቅኋት። አቧራዋን አራግፋ ወደ ሰርቨሮቹ ክፍል ሄደች። የቀረውን ገልብጣ፣ ቅጂዎቹን መዝገብ በመዝገብ አመሳክራ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ጨረሰች። የሕፃኗን የምስክር ወረቀት እኔው ለአባቷ ሰጠሁት። "ደግሞ ነገ አባትየው የለም እንዳትሉ" ብሎኝ ወጣ።

ባለሙያዋን ወደ ቦታዋ እንደምመልሳት፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊትም ጥፋቴን እንደምናገር ነገርኋት። እሷ ግን የሥራ መልቀቂያዋን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች።

"የጨረስሁት ለባለመዝገቦቹ ብዬ ነው" አለችኝ። "ለእርስዎ ሁለተኛ አልሠራም።"

አጥብቄ ለመንኋት። ብዕሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። ፈረምሁ። ነገ በስብሰባው ላይ ጥፋቴን እናገራለሁ፤ ይቅርታዬን የምትሰማው ሰው ግን በዚያ አትኖርም።

ለጋሼ ጉንጫቸውን ስሜአለሁ ይበሉልኝ። ነፍሰ ጡሯ የእህቴ ልጅ በሰላም ትገላገል፤ መንትዮቹን ስለ እኔ አንገት ለአንገት ይቀፉልኝ። ለጎረቤትዎ ለአዋላጇም የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። እርስዎ ደግሞ ያሳደጉትን ልጅ መቆጣት ካማረዎ፣ ሳይራሩ ይጻፉልኝ።

ታናሽ ወንድምዎ

ከቤቴ፣ ከመስኮቱ ሥር
እሑድ፣ ኅዳር ፲፮ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም.